ሸቶኝ ዝም ያልኩበት ሰም

የጡረታ ቅጼን የምትሞላልኝ ልጅ "የሥራ መደብ" የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳችና ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ፋይልዎ ላይ መጀመሪያ ጽዳት ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው አይነበብም። ምን ልበል?"

"ሰም አጣቢ በይ።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈለገች። እንዲህ የሚባል መደብ የለም። "ልዩ ልዩ" ብላ ጻፈችና ማኅተሙን አሳረፈችበት። ፈርሜ ወጣሁ። ታክሲ ተራ እስክደርስ ድረስ ግን ቃሉ አለቀቀኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ክፉኛ ተበላሽቶብኛል። ስለዚያ ለቤተሰቤም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር ተናግሬ አላውቅም። አሁን ጊዜ አለኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ጉለሌ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከዊንጌት ወደ ቁስቋም ሲወጡ በሚገኝ አንድ የንብ ማርቢያ ጣቢያ በጽዳት ተቀጠርኩ። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። ሁለት ክፍል ቢሮ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ ግቢ፤ ከግቢው ጀርባ ቀፎዎች የተቀመጡበት ዳገት። ኃላፊያችን ጓድ ጌታሁን ነበሩ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ከበላይ ስልክ በተደወለ ቁጥር ከወንበራቸው ተነስተው ቆመው የሚያነጋግሩ ሰው።

ስለ ንብ ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ዘንድ ንብ አይገዛም፤ ይጠመዳል። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ የጠነከረ ቀፎ ይጠበዋል፤ ግማሹ ንብ እናቱን፣ ንግሥቲቱን፣ ይዞ ቤት ፍለጋ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ቃኚዎች ይልካል። እነዚያ ቃኚዎች ባዶ ቀፎ ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ሲዳስሱ የጥሩ ሰም ሽታ ካገኙ፣ ወገኖቻችን እዚህ ኖረዋል ብለው መንጋውን ይጠሩታል። ሰም የሌለው ቀፎ ሳጥን ነው። ስለዚህ ለማጥመጃ የሚሆን ሰም ያስፈልገናል፤ ያም ሰም ነው የማይገኘው። ጥሩው ሰም የውጭ ምንዛሪ ነው እየተባለ ይጫናል። ለእኛ የሚደርሰን ሌላው ያልፈለገው ነው፦ ዝናብ የመታው፣ ብል የበላው፣ የሞተ ንብና አፈር አብሮት የተጓጎለ፣ እንደ ድንጋይ በመዶሻ የሚፈነከት።

ያንን የተጓጎለ ሰም የሚያድኑት ጋሼ ዘለቀ ነበሩ። ከመንዝ የመጡ፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካኪ ኮት የሚለብሱ ሽማግሌ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከንብ ጋር ኖረዋል። መጋዘኑን ስጠርግ አንድ ቀን ጥግ ላይ የተከመረውን ጓል ወደ ገደሉ እንድጥል ታዘዝኩ። አንዱን አንስቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

"ይሄ እኮ ማር ማር ይሸታል፤ ለምን ይጣላል?" አልኩ ለራሴ።

ጋሼ ዘለቀ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። "ሌላስ ምን ይሸታል?" አሉኝ።

"ከማሩ ሥር... እርጥብ ቅጠል። ትንሽ ሻጋታ። ጭስም አለበት፤ የወይራ ጭስ።"

በማግስቱ ጓድ ጌታሁን ጠርተውኝ "ስንዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጋሼ ዘለቀ ጋር ነሽ" አሉኝ። መጥረጊያውን ለሌላ አስረክቤ ወደ ሰም ማቅለጫው በርሜል ሄድኩ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጓሉን ትፈነክቻለሽ፤ ሁለት ሦስት ቀን በዝናብ ውኃ ትዘፈዝፊዋለሽ፤ የቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ ሰሙን ያደነዝዘዋል። ከዚያ በጆንያ ቋጥረሽ፣ ድንጋይ አስረሽበት፣ በርሜል ውስጥ ታሰጥሚዋለሽ። እሳቱ ከሥር ቀስ ብሎ ይነዳል። ውኃው መፍላት የለበትም። ከፈላ ሰሙ ይቃጠላል፤ ሽታው ይሞታል። ሰሙ በጆንያው ቀዳዳ እያለፈ ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሞተው ንብና ብሉ ውስጥ ይቀራል። እሳቱ ሲጠፋ በርሜሉን በአሮጌ ብርድ ልብስ ትጠቀልይዋለሽ፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይደርቃል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ቆሻሻው እግሩ ሥር ይተኛል፤ በቢላ ፍቀሽ ትጥይዋለሽ። ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በመጨረሻ ቀፎው በወይራ ይታጠናል፣ በጠጅ ሣር ይታሻል፣ ሰሙ ሞቅ ብሎ ውስጡ ይቀባል። ከዚያ ቀፎውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ መጠበቅ ነው።

ጋሼ ዘለቀ ሰም ሊነኩ ሲሉ እጃቸውን በአመድ ይታጠባሉ እንጂ ሳሙና አይነኩም። የሥራ ቀን ሽንኩርት አይበሉም። ከታጠበው ሰም የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቆርሰው መዳፋቸው ውስጥ ያሞቃሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ረጅም ጊዜ ያሸታሉ። ከዚያ "ደህና ነው" ይላሉ፤ ወይም እሳት ውስጥ ይጥሉታል። ሦስተኛ ነገር ተናግረው አያውቁም። እኔን ካገኙ ወዲህ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። ራሳቸው ከማሽተታቸው በፊት ለእኔ ይሰጡኝና "ምን ይልሻል?" ይሉኛል። የተሰማኝን እዘረዝራለሁ። እሳቸውም አሽትተው ይወስናሉ። እያስተማሩኝ ነበር የሚመስለኝ። እንዲህ ሦስት ዓመት ሠራን፤ ከቀፎዎቻችን የሚበዙት መንጋ ይገባባቸው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። በቁስቋም ዳገት ለሚኖሩ ሴቶች ማኅበር ቀፎ እንዲታደል፣ እሱም ለአብዮቱ በዓል እንዲደርስ። ማኅበሩን የምትመራው እትዬ አስካለ ናት። ባሏ ጦር ግንባር ቀርቶባታል። ቀጥ ያለች፣ ነገር የማትደግም ሴት ናት። ሌሎቹ ሴቶች ንብ ፈርተው ሲያቅማሙ ከጓሮዋ ድንጋይ ለቅማ፣ መደብ ሠርታ፣ "የእኔ ስድስቱ እዚህ ይቀመጣሉ" ያለች እሷ ናት። እሷን አይተው ሌሎቹም ተመዘገቡ።

ሰም አልነበረንም። ጓድ ጌታሁን እዚህም እዚያም ስልክ ደውለው ሸጎሌ በኩል ካለ አንድ የመንግሥት ግምጃ ቤት የተጓጎለ ሰም በጆንያ አስመጡ። ሲራገፍ አየሁት፤ ከተለመደው የባሰ አልነበረም። ዘፈዘፍኩት፣ አቀለጥኩት፣ ፋቅሁት። ሦስት ጊዜ። ቀለሙ እንደ እንቁላል አስኳል ሆነ። በሥራዬ ኮራሁ።

ከዚያ አሸተትኩት። ማሩ አለ፣ ጭሱ አለ። ከሁሉም ሥር ግን አንዲት ቀጭን ነገር አለች፤ ናፍጣ የምትመስል፣ ናፍጣ ያልሆነች፤ ምላስ ላይ የምትመር ዓይነት።

ጋሼ ዘለቀ መጡ። የዚያን ቀን ግን ጓድ ጌታሁን አብረዋቸው ነበሩ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

"ደረሰ ወይ ጋሼ? መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል።"

ጋሼ ዘለቀ ከእኔ መዳፍ ቆረሱ። "ምን ይልሻል?" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም። ኃላፊው ፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ወትሮው ረጅም ጊዜ አሸተቱ።

"ደህና ነው" አሉ።

አፌን ከፍቼ ነበር። "ጋሼ..." አልኩ።

"እ?"

አየኋቸው። ያ ካኪ ኮት፣ ያ ሽበት፣ ከእኔ መወለድ በፊት ሰም ያሸተተ ሰው። እኔ ትናንት መጥረጊያ የያዝኩ። ኃላፊያቸው ፊት "ተሳስተዋል" ልበላቸው?

"ምንም" አልኩ። "ሁለተኛውን በርሜል ላውርድ ብዬ ነው።"

ቀፎዎቹ ተቀቡ፣ ተጫኑ፣ ዳገት ወጡ። በዓሉ ላይ ጓድ ጌታሁን ንግግር አደረጉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ያ መስከረም ብዙ አደይ የታየበት ነበር። መንጋዎቹ ገቡ፤ ከእትዬ አስካለ ስድስት ቀፎ አምስቱ ተያዘላት። በዓሉ ላይ ጓድ ጌታሁን ንግግር አደረጉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ባይገቡ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ ያሰብኩት በኋላ ነው።

ጥቅምት እንደገባ አንድ ረፋድ ላይ እትዬ አስካለ በግቢው በር ገባች። ሰፌድ ይዛለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች። ማንንም ሳትጠይቅ ቀጥ ብላ ጓድ ጌታሁን ቢሮ ገብታ ሰፌዱን ወረቀታቸው ላይ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን ገለጠች። ንብ ነው። ሙሉ ሰፌድ የሞተ ንብ። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ገና አልሞቱም፤ በጀርባቸው ተኝተው እየተሽከረከሩ እግራቸውን ያንቀጠቅጣሉ።

"እነዚህ የእናንተ ናቸው" አለች። "ከቀፎው ደጃፍ ጠርጌ ነው ያመጣኋቸው። የጎረቤቶቼም እንዲሁ ነው። እኔን አምነው ነው የወሰዱት። አሁን ምን ልበላቸው?"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ምንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ያቺ ቀጭን ሽታ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሸጎሌ ድረስ ሄጄ የግምጃ ቤቱን ዘበኛ ጠየቅሁ። ሰሙ የተከመረበት ክፍል ቀድሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት ማስቀመጫ እንደነበር ነገረኝ፤ ከረጢት ፈሶ ወለሉ ሁሉ ነጭ ነበር አለኝ። ሰም ሽታ እንደሚጠጣ መርዝም ይጠጣል። ውኃ አፈርን ያወጣል፤ ሰም የጠጣውን መድኃኒት ግን አያወጣውም። ሦስት ጊዜ አይደለም መቶ ጊዜ ባጥበውም አይወጣም።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ አንድ ካድሬ መጣ፣ ወጣት፣ ሽጉጡ ከጃኬቱ ሥር የሚታይ። የጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ በአግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ጓድ ጌታሁን ቃለ ጉባኤ ይዘዋል። ካድሬው የመጀመሪያው ቃሉ "አሻጥር" ነበር። ያኔ ያ ቃል ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሰው ወዴት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰፈራችን የተወሰዱ አሉ፤ አልተመለሱም።

"ሰሙን ያጠበ ማነው?"

"እኔ ነኝ" ብዬ ቆምኩ።

"መርምሮ ያሳለፈውስ?"

እኔ አልተናገርኩም። ጋሼ ዘለቀ ወንበሩን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

"እኔ ነኝ ያሳለፍኩት" አሉ። "ይቺ ልጅ ጥፋት የለባትም። ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ሽማግሌ ነኝና አትቆጡኝ። አፍንጫዬ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱ ነው።"

ጓድ ጌታሁን ከቃለ ጉባኤው ቀና አሉ።

"ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ሲለቀኝ ሽታውን ይዞብኝ ሄደ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተመለሰም። ብናገር ምን ሆኜ እቀመጣለሁ? ከዚህ ሌላ አላውቅም። ይቺ ልጅ ስትመጣ አፍንጫዋን ተዋስኩ። እሷ ትነግረኛለች፣ እኔ ያሸተትኩ እመስላለሁ። የዚያን ቀን ግን ጓድ ኃላፊ ፊት እሷን መጠየቅ አፈርኩ። በቃ፣ ይሄው ነው።"

ቁጭ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ነኝ ስል አፍንጫቸው ሆኜ ኖሬያለሁ፤ አላወቅሁም።

ካድሬው ወደ እሳቸው ሲዞር እኔ ገና እንደቆምኩ ነኝ። መቀመጥ እችል ነበር። ጋሼ ዘለቀ ከእኔ ላይ አንስተውልኛል፤ ዝም ብል ነገሩ እሳቸው ላይ ያልቅ ነበር።

"ጥፋት የለባትም ያሉት ልክ አይደለም" አልኩ። "ሸቶኝ ነበር።"

"ምን?"

"ሰሙ። መጥፎ ነገር እንዳለበት ሸቶኝ ነበር።"

"አውቀሽ ዝም አልሽ?"

"ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ሸቶኝ ነበር።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"አክብሬያቸው" አልኩ። ከዚያ ደግሞ እውነቱ ያ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀኝ። "ፈርቼም። እኔ ማን ነኝ ብዬ።"

ካድሬው ተነፈሰ። ሰዓቱን አየ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ሌላ ስብሰባ አለው። "ጻፉ" አላቸው ጓድ ጌታሁንን፤ "አንብቡልኝና እፈርማለሁ።"

ጓድ ጌታሁን ጻፉ። ጻፉ፣ ቆሙ፣ ጻፉ። "በዕውቀት ማነስና በጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ ጥፋት" ብለው አነበቡ። አሻጥር የሚለው ቃል የለበትም። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ካድሬው ትንሽ አያቸው፤ አየን ሁላችን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፈረመ።

ጓድ ጌታሁንን ፈሪ እላቸው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ብዬ አላውቅም። ካድሬው ሲወጣ እስከ መኪናው ሸኝተውት ተመለሱና መጸዳጃ ቤት ገብተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። በዓመቱ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ፤ ደግመን አልተገናኘንም።

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ደመወዝም ተቀጣሁ። ጋሼ ዘለቀ የግቢው ዘበኛ ሆኑ። ሰም ቤት እንዳይገቡ ተከለከሉ። መጀመሪያ ሰሞን በበሩ ሳልፍ ዓይናቸውን አላይም፣ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ምሳ ሰዓት ግን የታጠበ ሰም በወረቀት ጠቅልዬ ዘበኛ ቤቱ ገባሁና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ከልክለውኝ የለም ወይ?" አሉ።

"ሰም ቤት እንዳይገቡ ነው እንጂ ሰሙ እንዳይመጣ አላሉም።"

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወዲህ በጣት የሚታወቀውን ሁሉ አስተማሩኝ። ጥሩ ሰም ሲቆረስ አፉ ሻካራ ነው፤ ሲያሹት ይለሰልሳል እንጂ አይጣበቅም፤ ሲያኝኩት አይፈርስም። እኔም አንድ ደንብ ጨመርኩ። የትም ይምጣ፣ ማንም ደህና ነው ይበል፣ አዲስ ሰም መጀመሪያ የሚቀባው አንድ ቀፎ ብቻ ነው። መንጋ ገብቶ ቤት ሠርቶ ልጅ እስኪያሳድግ ድረስ ሌላው ይጠብቃል። አዲሱ ኃላፊ "ዕቅዱ ይዘገያል" ብለው ተቆጡ። "ይዘግይ" አልኳቸው። ራሴን ገረመኝ። ሰሙንም ከግምጃ ቤት መቀበል ተውኩ። ዊንጌት አጠገብ ማር የሚነግዱ አቶ ከድር የሚባሉ ሰው ማር ቆርቆሮ ውስጥ ከላይ ተንሳፎ የተጓጎለውን የሰም ሰፈፍ ያስቀምጡልኝ ጀመር። እሱ ሲያዩት አስቀያሚ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ይታወቃል።

የተመረዙትን ቀፎዎች ከእትዬ አስካለ ጓሮ አውርጄ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ስሠራ ደጃፏ ላይ ቆማ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው መስከረም ከአቶ ከድር ሰፈፍ ባጠብኩት ሰም አንድ ቀፎ ቀብቼ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ወደ እሷ ወጣሁ።

"ምንድነው?" አለች።

"ማጥመጃ ነው እትዬ አስካለ። ከፈቀዱልኝ እዚያ መደብ ላይ ላስቀምጠው።"

"ማን አሸተተው?"

"እኔ።"

"ያኔስ ማን ነበር ያሸተተው?"

"እኔም ነበርኩ። ሸቶኝ ዝም አልኩ።"

ይህን ከስብሰባው ውጪ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ትገፋኛለች ብዬ ነበር።

"አስቀምጪው" አለች። "ግን በየጠዋቱ እየመጣሽ ከደጃፉ የወደቀውን ንብ ራስሽ ለቅመሽ ትቆጥሪያለሽ። እኔ ዳግመኛ አልጠርግም።"

መንጋው በአምስተኛው ቀን ገባ። እኔም በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ያንን ዳገት ወጣሁ። ቀፎው ፊት ጨርቅ አንጥፌያለሁ፤ ተንበርክኬ የወደቀውን እለቅማለሁ። ሦስት። አምስት። ሁለት። ያረጀ ንብ ይሞታል፤ ይህ ጤና ነው። ግን አንድ ቀን አሥራ ሁለት አገኘሁና ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላሁም። በማግስቱ አራት ነበሩ። ለካ አሥራ ሁለቱን የገደለው የሌሊት ውርጭ ነው። እትዬ አስካለ በየቀኑ ከቤቷ ወጥታ "ስንት?" ትላለች፤ ቁጥሩን እነግራታለሁ፤ ትገባለች። ሌላ ንግግር የለንም። አደዩ ረገፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ። ቀፎው እየከበደ፣ ድምፁ እየወፈረ ሄደ።

አንድ ጠዋት እንደተለመደው ተንበርክኬ ሳለሁ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ስንት አላለችኝም። ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከመሬት አነሳችው፣ አራገፈችው፣ አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው።

"ነገ እንዳትመጪ" አለች።

ደነገጥኩ። "ምን አጠፋሁ እትዬ?"

"ምንም። እሑድ ነይ። ማሩን ከፍቼ ለጎረቤቶቼ አቀምሳቸዋለሁ፤ አንቺም ከእኔ ጋር ትበያለሽ።" ወደ ቤቷ መንገድ ጀምራ መለስ አለች። "ሽማግሌውንም ይዘሻቸው ነይ። ዳገቱ ከከበዳቸው ቀስ እያላችሁ ውጡ፤ እንጠብቃለን።"

እሑድ ሄድን። ጋሼ ዘለቀ ሦስት ቦታ አረፉ።